የመሥሪያ ቤት ጽሕፈትና የባለ ጉዳይ መብት

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ነገር ስሙ ገና ሲጠራ ብዙውን ሰው የሚያስዛጋ ነው። ይኸውም በመሥሪያ ቤት ስንጽፍ ልንጠብቀው ስለሚገባን የፊደል አገባብና የሰዋስው ሥርዓት ነው። «ይህ የመምህራን ጉዳይ ነው፤ እኛ ሥራ የበዛብን ሰዎች ነን፤ አሳቡ ከገባ የፊደሉ ነገር ምን ያስጨንቀናል?» የሚል ሰው እንዳለ ዐውቃለሁ። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ እል ነበር። በፋይልና በመዝገብ መካከል ብዙ ዓመት ከኖርሁ በኋላ ግን አሳቤ ተለውጧል። በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ የምትጻፍ ፊደል የጸሐፊው ጌጥ አይደለችም፤ የባለ ጉዳዩ ንብረት ናት። ንብረት ከሆነች ደግሞ ያጠፋት ሰው ተጠያቂ ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይህን አንድ ነገር ለማስረዳት ነው።

ነገሬን ከሁለት አገሮች ልጀምር፤ የሁለቱም ስም ዲማ ነው። አንደኛው ዲማ በምሥራቅ ጎጃም በቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ነው። ይህ ደብር በቅኔና በመጻሕፍት ትምህርት የታወቀ ነው፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለድ ታሪካቸው ውስጥ ስሙን ስላነሡት፣ ቦታውን በዐይኑ ያላየው አንባቢ እንኳ ያውቀዋል። ሁለተኛው ዲማ በጋምቤላ ክልል በአኝዋክ ዞን ያለው ነው። ይህኛው ዲማ የአኮቦ ወንዝ የሚያልፍበት ጠረፍ ሲሆን፣ ሕዝቡ ወርቅን በባሕላዊ መንገድ ቆፍሮና አጥቦ የሚያወጣበት አገር ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት ማብቂያም የሱዳን የርስ በርስ ጦርነት ያሳደዳቸው ሰዎች የተጠለሉበት ነበር።

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ በፖስታ ላይ «ለጤና ጣቢያ፤ ዲማ» ብሎ ቢጽፍ ከፊደሉ አንዲት ስሕተት አይገኝበትም። ነገር ግን መድኃኒቱ ወደ ምዕራብ ሊሄድ ሲገባው ደብዳቤው ወደ ሰሜን ሊሄድ ይችላል። እንግዲህ ትክክለኛ ጽሕፈት ማለት ፊደልን በቦታው ማስቀመጥ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን፤ አንባቢው ሁለት መንገድ እንዳይታየው አድርጎ መጻፍም ነው።

ሁለቱ አገሮች አንድ ሌላ ነገርም ያስተምሩናል። በጎጃሙ ዲማ ባለ ቅኔው ወርቁን በሰም ይሸፍነዋል፤ የአድማጩም ደስታ የተሸፈነውን ፈልጎ ማግኘት ነው። በጋምቤላው ዲማ ደግሞ ቆፋሪው ወርቁን ከአፈርና ከአሸዋ እያጠበ ለብቻው ያወጣዋል። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሊመስል የሚገባው ይህን ሁለተኛውን ሰው ነው። በቅኔ ቤት ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ጥበብ ነው፤ በመሥሪያ ቤት ግን ሁለት ትርጉም ያለው ቃል የክርክር መነሻ ነው።

አሁን አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ የባለ ጉዳዩንም እውነተኛ ስም ትቼ በዚያ አገር የተለመደውን ኦኬሎ የሚለውን ስም እሰጣቸዋለሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት መዛግብት እንዲመረምሩ ወደ ጋምቤላ ከተላኩት ሰዎች አንዱ ነበርሁ። ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ከዲማ በኩል መጥተው በር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ዕድሜያቸውን በዘበኝነት የጨረሱ ሰው ናቸው። ጡረታቸው ሳይፈጸም ሁለት ክረምት አልፏል። ፋይላቸው ሲቀርብ ምክንያቱ ወዲያው ታየ። የቅጥር ደብዳቤያቸው «ኦኬሎ» ይላል፤ የደመወዝ መዝገቡ «ኡኬሎ» ይላል፤ የአገልግሎት ማስረጃቸው ደግሞ «አኬሎ» ይላል። ጡረታውን የሚወስነው ክፍል ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸው በማስረጃ ይረጋገጥ ሲል ወረቀቱን መልሶታል። ለማረጋገጥ ምሥክር ያስፈልጋል፤ ምሥክር ለማምጣት ያንን ረዥም መንገድ መመለስ ያስፈልጋል፤ በክረምት ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ይህ ነው። በአኝዋክና በቋንቋ በሚዛመዷቸው ሕዝቦች ዘንድ ብዙ ጊዜ በ«ኦ» የሚጀምረው ስም የወንድ፣ በ«አ» የሚጀምረው ስም የሴት ነው፤ ኦኬሎ ወንድ ነው፤ አኬሎ ሴት ናት። ስለዚህ ሦስተኛው ወረቀት የአንድን ሽማግሌ ስም ማበላሸት ብቻ ሳይሆን ሴት አድርጓቸዋል። ከእኛ አንዱ ትንሽ ቈጣ ብሎ «አባቴ፥ ለምን በጊዜው አላስታረሙም?» ቢላቸው፣ ሽማግሌው ረጋ ብለው፣ «ልጄ፥ እኔ አንድ ነኝ፤ ሦስት ያደረጋችሁኝ እናንተ ናችሁ» ሲሉ መለሱለት። ከዚያ በኋላ በክፍሉ ውስጥ የተናገረ ሰው አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፣ መዝገቡን ስንመረምር ጥፋቱን ከአንድ የአገሩ ተወላጅ ከሆነ ወጣት ጸሐፊ ላይ እናገኘዋለን ብዬ ገምቼ ነበር፤ አማርኛው ገና ያልጠራ ነበርና። ነገር ግን በትክክል የተጻፈው የቅጥር ደብዳቤ የእርሱ እጅ ሆኖ ተገኘ። የቀሩትን ሁለቱን የጻፉት አማርኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ፣ የእጅ ጽሕፈታቸውም እጅግ የሚያምር ሰዎች ነበሩ። ስሙን በጆሮ ብቻ ሰምተው ለራሳቸው እንደ ቀለላቸው አድርገው ጻፉት እንጂ ባለቤቱን አልጠየቁትም።

ክቡራን አድማጮች፤ ይህ ነገር ከሌላው ሥፍራ ይልቅ በጋምቤላ ለምን ጐልቶ ይታያል? ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው፣ አማርኛ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንደሆነ፣ ክልሎችም የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ እንደሚወስኑ ደንግጓል። የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦች ግን አኝዋክ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ ናቸው። ስለዚህ የዲማ ሰው በቤቱ በአንድ ቋንቋ ይጠራል፤ በመዝገብ ላይ የሚጻፈው በሌላ ቋንቋ ፊደል ነው። የሕዝቡ ስም ራሱ በወረቀቶቻችን ላይ አንድ ጊዜ አኝዋክ፣ አንድ ጊዜ አኙዋክ፣ አንድ ጊዜ አኟክ፣ ሌላ ጊዜ አኝዋሃ እየተባለ ሲጻፍ እናያለን። ኑዌርም ንዌርና ኑኤር ይባላል። የሕዝብ ስም እንዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ የአንድ ዘበኛ ስም ቢዋዥቅ ምን ያስደንቃል?

በዚህ ላይ የድምፅ ልዩነት አለ። የአኝዋክ ቋንቋ እንደ አማርኛ የሚጠብቁትን ቀ፣ ጠ፣ ጨ የተባሉትን ድምፆች የሚያውቅ አይደለም። ስለዚህ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ የዚያ አገር ልጅ «ቀጠሮ» ለማለት «ከተሮ»፣ «ጠቅላላ» ለማለት «ተቅላላ» ብሎ ቢጽፍ ጆሮው የሰጠውን ነው የጻፈው። እኛ ግን ይህን ስናይ እንስቃለን። ይሁን እንጂ የአኝዋክ ቋንቋ አናባቢዎች ከእኛ ሰባቱ የሚበልጡ ናቸው፤ ለብቻው ፊደል ያላበጀንለት የአፍንጫ ድምፅም አለው፤ እርሱን አንድ ጊዜ በ«ኝ»፣ አንድ ጊዜ በ«ንግ» እንጽፈዋለን። ስለዚህ እርሱ ጠንና ተን ሲያሳስት እኛም ኦንና ኡን እናሳስታለን። ልዩነቱ የእርሱ ስሕተት ሣቅ ያመጣበታል፤ የእኛ ስሕተት ግን የሰው ጡረታ ያስቀራል። ታዲያ ከሁለቱ ይበልጥ ሊታረም የሚገባው የማንኛው ነው?

እንግዲህ «የሌላው ሕዝብ ስም ያስቸግረናል፤ በራሳችን ቃል ግን አንቸገርም» የሚል ቢኖር፣ ወደ ራሳችን ፊደል እንመለስ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ እነዚህ በግዕዝ ዘንድ እንደየቃሉ የተለየ ቦታ አላቸው፤ በአማርኛ ንግግር ግን ድምፃቸው አንድ ሆኗል። በግዕዝ «ሠረቀ» ቢሉ ፀሐይ ወጣ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ቢሉ የሰው ገንዘብ ወሰደ ማለት ነው። «ዓመት» የዘመን ቍጥር ነው፤ «አመት» ግን በግዕዝ ገረድ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ሊቃውንት ሁለት ወገን ሆነው ሲከራከሩ ኖረዋል። አንደኛው ወገን ቃሉ የመጣበት ሥር እንዳይጠፋ ፊደሉ ሁሉ በቦታው ይጠበቅ ይላል። ሁለተኛው ወገን በድምፅ የማይለዩት ፊደላት ተቀንሰው የሕፃናት ድካም ይቀነስ ይላል።

ለሁለቱም ክብር አለኝ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ታላቅ የግዕዝ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ የመጀመሪያውን ወገን መሠረት አጽንቷል። ያንን ሥራ ከፍጻሜ ያደረሱት ደስታ ተክለ ወልድም በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙትን የራሳቸውን መዝገበ ቃላት «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው በ«ዐ» ሰይመውታል፤ ዋና ከተማችን ግን በየደብዳቤው ራስ ላይ «አዲስ አበባ» ተብላ በ«አ» ትጻፋለች። ሊቁም አልተሳሳቱም፤ ከተማይቱም ስሟን አትለውጥም። እንዲህ ያለውን ክርክር በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ወረቀት የሚጽፍ ሠራተኛ ሊፈርደው አይችልም፤ አይጠበቅበትምም።

የሚጠበቅበት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም አንድ ዐይነት ሆኖ መገኘት ነው። በአንድ ደብዳቤ ርእስ ላይ «ኃላፊ» ብሎ በመካከሉ «ሃላፊ»፣ በግርጌው «ሀላፊ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከሁለቱ ወገኖች የማንኛቸውም ደቀ መዝሙር አይደለም፤ ለነገሩ ያልተጨነቀ ሰው ነው። «ፈጸመ» እና «ፈፀመ»፣ «ጸሐፊ» እና «ፀሐፊ»፣ «ሥራ» እና «ስራ» በአንድ ገጽ ላይ ተጎራብተው ሲታዩ አንባቢው ዝም ብሎ ይፈርዳል፤ «ፊደሉን ያልጠበቀ ገንዘቤን ይጠብቃልን?» ይላል።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። የጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የፊደል አገባባቸውን ለማሻሻል ሲስማሙ ብዙ ሙግት ተነሥቶ ነበር። ጉዳዩ እስከ ጀርመን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደርሶ በ1998 ሲወሰን የተገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ ዐዲሱ ሥርዓት ትምህርት ቤቶችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ይመለከታል፤ ደራሲውና የግል ሰው ግን በወደደው መንገድ መጻፍ ይችላል። ይህ ለእኛም መልካም ምክር ነው። ባለ ቅኔው ነፃ ነው፤ በመንግሥት ማኅተም የሚጽፍ ሰው ግን ነፃ አይደለም።

ከጥንቱ ይልቅ ዛሬ ይህ ነገር የሚያስፈልግበት ዐዲስ ምክንያትም አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቍጥር ተሰጠው። ለጆሮአችን ሠ እና ሰ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ቍጥሮች ናቸው። በወረቀት ፋይል ዘመን አንድ አስተዋይ የመዝገብ ቤት ሹም «ኃይሉ» እና «ሃይሉ» አንድ ሰው መሆናቸውን በልቡ ያውቅ ነበር። ኮምፒውተር ግን አስቀድሞ ካልተነገረው በቀር ልብ የለውም፤ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ሰው «ሃይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉት የለም ይላችኋል። በ2004 ዓ.ም. የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቍጥር 1284 ከወጡ ወዲህ፣ ልደት፣ ጋብቻና ሞት፣ መታወቂያም ጭምር በመዝገብ ላይ እየተያያዙ መሄዳቸው የታወቀ ነው። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ስም ከመዝገብ ወደ መዝገብ እየተሻገረ ይኖራል። እንዲያውም ስሕተት ከሰው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

ከፊደል ወደ ሰዋስው ልለፍ። በአማርኛ ሰዋስው ውስጥ ከሁሉ አጭሯና ከሁሉ ኃይለኛዋ «ን» ናት። ስለ እርሷ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ገና ወጣት ጸሐፊ ሳለሁ አንድ ቃለ ጉባኤ ገልብጬ እንድጽፍ ታዘዝሁ። በረቂቁ ላይ «ሒሳብ ሹሙ ገንዘብ ያዡን ከሰሰ» ይላል። እኔ ቸኵዬ «ሒሳብ ሹሙን ገንዘብ ያዡ ከሰሰ» ብዬ ጻፍሁት። ያጠፋሁት ቃል የለም፤ የጨመርሁትም የለም፤ አንዲቱን «ን» ከአንዱ ትከሻ አንሥቼ በሌላው ትከሻ ላይ ጫንሁ እንጂ። በዚያች ቅጽበት ግን ከሳሹ ተከሳሽ፣ ተከሳሹ ከሳሽ ሆነ። ወረቀቱ ከመፈረሙ በፊት ያየው የመዝገብ ቤቱ ሹም ነበር። ሠራተኛው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀና በሩን ዘግቶ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠልኝ። «አንብብ» አለኝ፤ አነበብሁ፤ አላየሁትም። «ድገመው» አለኝ። በሦስተኛው ጊዜ አየሁትና ላብ አሰመጠኝ። ያ ሰው አንድም የቍጣ ቃል አልተናገረኝም፤ በማግሥቱም ለማንም አላወራብኝም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የምጽፈውን ሁሉ ሦስት ጊዜ ሳላነብ አልፈርምም።

«ን» ሌላም ጥቅም አላት። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን ለይቶ አያሳይም። «ይሰጣል» ቢባል ላልቶ ሲነበብ ሰጪውን፣ ጠብቆ ሲነበብ ተሰጪውን ነገር ይናገራል። ስንነጋገር ድምፃችን ይለየዋል፤ ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። «ወርቁ በተመዘነ ዕለት ክፍያው ለአቅራቢው ይሰጣል» ተብሎ ቢጻፍ ክፍያው የሚሰጥ መሆኑን እናውቃለን፤ ማን እንደሚሰጥ ግን አናውቅም። «ክፍያውን ገንዘብ ያዡ ለአቅራቢው ይሰጣል» ቢባል ግን «ን»ም ገብታለች፤ ሠሪውም ተጠርቷል፤ ነገ ባይከፈል የሚጠየቀው ሰው ታውቋል። ብዙ ጊዜ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር የሚጻፈው ባለማወቅ ሳይሆን ኃላፊነትን ለመሸሽ መሆኑን እዚህ ላይ ሳልናገር አላልፍም። «ይታሰባል»፣ «ይፈጸማል»፣ «መፍትሔ ይፈለግለታል» የሚሉት ቃላት ማንንም ወደ ሥራ አያስነሡም።

ለሰው የምንሰጠው አክብሮትም በጽሕፈት ላይ ሲወጣ ጥንቃቄ ይሻል። «ዳይሬክተሩ ከሠራተኞቹ ጋር ተወያይተው ወስነዋል» ብንል፣ የወሰኑት ዳይሬክተሩ ብቻ ናቸውን? ወይስ ሁሉም በአንድነት ናቸው? በአማርኛ የአንቱታውና የብዙው አንቀጽ አንድ ስለ ሆነ ዓረፍተ ነገሩ አይመልስልንም። አክብሮቱን መተው አይገባም፤ ነገር ግን «ውሳኔውን የሰጡት ዳይሬክተሩ ራሳቸው ናቸው» ወይም «ውሳኔው በዳይሬክተሩና በሠራተኞቹ ስምምነት ተሰጠ» ብሎ መለየት ይገባል።

በአንድ አንቀጽ ምክንያት ምን እንደሚመጣ የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ፣ የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ጽሑፍ ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። በ«ይቻላል» እና በ«ይገባል» መካከል ያለው ርቀት እስከ ዓድዋ ሜዳ ድረስ አስኬደ። እኛ በየቀኑ በምንጽፈው መመሪያ ውስጥ «ይችላል» እና «አለበት» የሚሉትን ቃላት እያቀያየርን ስናስገባ ይህን ማስታወስ መልካም ነው። ደግሞም በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ቍጥር 3 በአማርኛውና በእንግሊዝኛው ቅጂ መካከል ልዩነት ቢገኝ የአማርኛው እንዲጸና ወስኗል። እንግዲህ «በእንግሊዝኛው ግልጽ ነው» ብሎ ማምለጫ የለም፤ የሚያስረው አማርኛችን ነው።

ስለ ቍጥርም አንድ ቃል ልጨምር። ወርቅ በሚመዘንበት እንደ ዲማ ባለ አገር የነጥብ ቦታ ዋጋ አላት። «2.5 ግራም» ሊጻፍ ሲገባው «25 ግራም» ቢጻፍ የአንድ ሰው ድካም ዐሥር እጥፍ ተዋሸ ማለት ነው፤ ወደ ታች ቢሳሳት ደግሞ የቆፋሪው ልጆች እራት ጎደለ ማለት ነው። አባቶቻችን ገንዘብን በአኃዝም በፊደልም የሚጽፉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንዱ ሲሳሳት ሌላው እንዲመሰክር ነው። እንዲሁም ዘመን ሲጻፍ የእኛ ወይም የአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑ ካልተለየ የአንድ ሠራተኛ አገልግሎት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሊጨመርበት ወይም ሊቀነስበት ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከብዙው ጥቂቱን ልምከር።

አንደኛ፤ ስምን ከባለቤቱ እንቀበል። ስሙን ከጻፍን በኋላ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናንብብለት፤ ሊያነብ የሚችል ከሆነ ወረቀቱን እናሳየው። በራሱ ቋንቋ ፊደል የተጻፈ ማስረጃ ካለው ከእርሱ ጋር እናስተያይ። «በአማርኛ እንዲህ ይሻላል» ብለን የሰውን ስም ልናርም ሥልጣን የለንም። ስም የሚያወጣው ወላጅ ነው፤ ጸሐፊ የሚጽፈው የወጣውን ነው።

ሁለተኛ፤ አንድ መሥሪያ ቤት አንድ አጻጻፍ ይኑረው። በየቀኑ የምንጠቀምባቸው የሚያከራክሩ ቃላት ብዙ አይደሉም፤ በአንድ ገጽ ላይ ያልቃሉ። ያንን ገጽ አዘጋጅቶ በግድግዳ ላይ መለጠፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የወረዳ፣ የቀበሌና የወንዝ ስምም በዚያው ገጽ ይግባ፤ የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ሠራተኞችም ይጠየቁበት። በዲማ ስለሚገኝ መንደር ስም ከዲማ ሰው የበለጠ ሊቅ የለም።

ሦስተኛ፤ በዓረፍተ ነገራችን ውስጥ ሠሪው ማን እንደሆነ፣ የሚሠራው ምን እንደሆነ፣ ቀኑም መቼ እንደሆነ ይታይ። አንባቢው አራት ነጥብ እስኪያገኝ ድረስ ትንፋሹ የሚያልቅበት ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈል።

አራተኛ፤ ስሕተት ሲገኝ የተሳሳተው ወረቀት ይታረም እንጂ ባለ ጉዳዩ አይመላለስ። ስሕተቱ ከእኛ መዝገብ የተነሣ ከሆነ ምሥክር ፍለጋ የሚሄደው ሽማግሌው ሳይሆን የእኛ ደብዳቤ መሆን አለበት። ሕግ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በሚጠይቅበት ጊዜም ቢሆን፣ ስሕተቱ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን ገልጾ መጻፍና ማኅተም ማድረግ ከእኛ ይጠበቃል።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ እርስ በርሳችን ስንተራረም እንደዚያ የመዝገብ ቤት ሹም በሩን ዘግተን እንተራረም። አማርኛን ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው አድርጎ የሚጽፍ ባልደረባችን «ከተሮ» ብሎ ቢጽፍ በቀስታ «ቀጠሮ» እንበለው፤ እርሱም በፈንታው «ኦኬሎ» እንዴት እንደሚባል ያስተምረን። በሰው ፊት የተሣቀበት ጸሐፊ ቋንቋ አይማርም፤ መጻፍ መፍራትን ይማራል። ጸሐፊው መጻፍ የፈራበት መሥሪያ ቤት ደግሞ በቃል ትእዛዝ የሚኖር ይሆናል፤ በቃል ትእዛዝ የሚኖር መሥሪያ ቤት ለማንም አይጠየቅም።

ክቡራን አድማጮች፤ የእነዚያን ሽማግሌ መጨረሻ ሳልነግራችሁ ንግግሬን ብጨርስ ቅር ይላችኋል። ሦስቱ ወረቀቶች በአንድ መሸኛ ደብዳቤ ተያይዘው፣ ስሕተቱ የመሥሪያ ቤቱ መሆኑ ተጽፎና ተፈርሞበት ተላከ። ጡረታቸውም ተፈቀደላቸው። ነገር ግን ያለፉትን ሁለት ክረምቶች የሚመልስ ማኅተም አልነበረንም። ወረቀቱን ስንሰጣቸው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጣታቸውን በስማቸው ላይ አድርገው «ይህ ምን ይላል?» ብለው መጠየቅ ነበር። ያ ወጣት ጸሐፊ ጎንበስ ብሎ በአገራቸው አነጋገር አነበበላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወረቀቱን አጠፉና በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ነገ ጠዋት በጠረጴዛችሁ ላይ ከሚጠብቋችሁ ወረቀቶች አንዱን ከመፈረማችሁ በፊት፣ በላዩ ላይ የተጻፈውን ስም አንድ ጊዜ ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡት። ባለቤቱ ቢሰማ «አቤት» የሚልበት ከሆነ ፈርሙ፤ ካልሆነ ወረቀቱን መልሱት።